የታንጉ ትንፋሽ

ታንጉ ቂም አትረሳም። ዓለም አላፊ ነው፣ ይቅር በይ ሲሏት፣ አላፊ ከሆነ ቂሜም ሲያልፍ ያልፋላ ትላለች።

ነገሩ የተጀመረው የእናቷ ለቅሶ ላይ ነው። ስድስት ዓመት አልጋ ላይ የዋሉትን አሮጊት ያጠበች፣ ያጎረሰች፣ ያገላበጠች እሷ ነች፤ ሌሎቹ ልጆች በበዓል ብቅ እያሉ ግንባር ስመው ይሄዱ ነበር። ድንኳኑ አፉላ ኢሊት ሰፈር ከሚኖሩበት ሕንጻ ሥር ተተከለ፣ ሙሾውን አልቃሿ መሰለች አወረደችው። እዚህ እስራኤል አገር ከመጣን ወዲህ ያለ መሰለች ለቅሶ የለም። ደግሞ ደንብ ነው፣ አልቃሽ የሟችን ልጆች በየስማቸው እየጠራች ታስለቅሳለች። መሰለች ሐይፋ ያለውን ጠራች፣ ነታንያ ያለችውን ጠራች፣ ጎንደር በሕጻንነቱ የሞተውን ሳይቀር ጠራች። ታንጉን ዘለለቻት። መሰለች፣ ታንጉ ልጇን ለልጄ አልድርም አለችኝ ብላ መቀየሟን አገር ያውቃል።

ታንጉ ራሷ ተነስታ ልታለቅስ ሞከረች። ሁለት ቃል ሳታወጣ ሳል አጣደፋትና ሰው ደግፎ አስቀመጣት። ለቀስተኛው ሲበተን መሰለችን እጇን ያዘቻት።

«እኔን ምነው ረሳሽኝ?»

«ትንፋሽ አጠረኝ፣ እህቴ» አለች መሰለች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች።

ያች ቃል ታንጉ ሆድ ውስጥ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ደረቷን ይጨንቃት ጀመር። ሐኪሙ ሳንባሽ ደህና ነው ብሎ መሀል ከተማ ማትናስ በሚሉት የሕዝብ ማዕከል ወደሚሰጠው ዮጋ ላካት። በየማክሰኞው ጠዋት በአውቶቡስ ትወርዳለች። ሌሎቹ ጡረተኞች ምንጣፍ ላይ ሲዘረጉ እሷ ረጅም ቀሚሷን ሰብስባ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። አስተማሪዋ ስታቭ የልጅ ልጇን የምታህል ናት። የታንጉን እጅ ሆዷ ላይ አስቀምጣ፣ ከደረት ሳይሆን ከዚህ ነው፣ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠርሽ ሳቢ፣ ያዢው፣ እስከ ስምንት ቀስ ብለሽ ልቀቂ አለቻት። ስትለቁ ንዴታችሁም አብሮ ይውጣ ትላለች። ምን ሲደረግ! ታንጉ አየሩን እንጂ ንዴቱን ለማን ትለቃለች?

ይልቅ ለስምንቱ ቁጥር ስም አወጣችለት። ሐይም፣ ኤናት፣ ማሬ፣ ድረስ... የመሰለች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። የመሰለች ባል የሻው ከታመመ ከርሟል። ደግ ሰው ነው፣ ሞቱን አልተመኘችም፤ ግን ለክፉም ለደጉም መዘጋጀት አይከፋም። ክረምቱን ሙሉ ስምንቱን ስም በአንድ ትንፋሽ ማውጣት ለመደች።

ክረምቱ ሲወጣ የሻው ሞተ። ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር የተተከለው ድንኳን ጢም ብሎ ሞላ፣ ግን አልቃሿ ራሷ ባለ ሐዘን ናት፣ ድምጿም ተዘግቷል። ሰው እርስ በርሱ ሲተያይ ታንጉ ተነሳች። ከሆዷ ሳበች፣ ያዘችው፣ ለቀቀችው። አቤት ያወረደችው ሙሾ! የሻውን በመልኩ፣ በደግነቱ፣ በእርሻው አነሳችው። ስምንቱን ልጆችና የልጅ ልጆች ሳትቆርጥ ጠራች፣ ድንኳኑ በእንባ ታጠበ። መድኃኒት ሲያመጣለት የነበረውን ጎረቤት እንኳ ጠራች።

የሚስት ስም መጨረሻ ላይ ነው የሚጠራው። መሰለች ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣ ቀና አለች፣ ጠበቀች። ታንጉ ሙሾውን ዘግታ ቁጭ አለች።

ሰው ሲበተን መሰለች እየተጎተተች መጣች።

«እኔን ምነው ረሳሽኝ?»

ታንጉ በአፍንጫዋ እስከ አራት ሳበች፣ ያዘችው፣ እስከ ስምንት ቀስ ብላ ለቀቀችው።

«ትንፋሽ አጠረኝ፣ እህቴ» አለቻት።