አባቱን የወጣው ልጅ

የልጅ ልጄ ሲቆጣ ጡጫው ይግላል። በቀደም ቤቴል ካለው መዋዕለ ሕፃናት ላመጣው ሄጄ ያንን ትንሽ ጡጫ በመዳፌ ስይዘው ፀሐይ ላይ የዋለ ድንጋይ የጨበጥኩ መሰለኝ። አንዱን ልጅ ነክሶ ነው የተጠራሁት። መምህርቷ ጨዋ ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከቤተሰቡ እንዲህ ቶሎ የሚቆጣ ሰው አለ?" አለችኝ።

"አለ እንጂ፤ ፊትሽ ተቀምጧል" አልኳት።

አላመነችኝም። እንዴት ታምናለች? በእኛ ሰፈር ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ አከራይና ተከራይ ሲካሰሱ፣ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። ያላስታረቅሁት ጠብ ካለ ያልነገሩኝ ጠብ ነው። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። እሷ ግን ሌላውን እኔን አታውቀውም። እናንተም አታውቁትም፤ ስለዚህ ልንገራችሁ።

ልጅ ሆኜ ስሜ ክብሪት ነበር። የሰፈር ልጆች በሩቅ ሲያዩኝ አውራ ጣታቸውን በጠቋሚ ጣታቸው ላይ እየፋቁ "ጫር፣ ጫር" ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው ጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸውን ነገርና የአፈሩን ሽታ ነው። ስነቃ ከአንዱ ልጅ ደረት ላይ ተቀምጬ እገኝ ነበር። እነሱ የሚፈልጉትም ይህንኑ ነበር። ሲኒማ ቤት መግቢያ ለሌለው ልጅ እኔ በነፃ የምታይ ትርኢት ነበርኩ።

አባቴም እንዲሁ ነበር። እኛ ሰፈር፣ ኮልፌ አጠና ተራ፣ የባሕር ዛፍ አጠና ከመኪና የሚያራግፍ ጫኝና አውራጅ ነበር፤ ሁለት ሰው የሚሸከመውን ብቻውን ትከሻው ላይ ያወጣ ነበር። ጉልበቱን ወርሻለሁ፤ ዛሬም በዚህ ዕድሜዬ ጎረምሳ ሁሉ እጄን ጨብጦ ይደነግጣል። አንድ ቀን በወረፋ ተጣላና የሰው ራስ ፈንክቶ ታሰረ። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ባነሳሁ ቁጥር ሰፈርተኛው እርስ በርሱ ይተያይ ነበር። "ቁርጥ አባቱን። ደም ነው፣ ምን ይደረጋል" ይሉ ነበር። ፊቴ ላይ ነው የሚሉት፤ ልጅ የማይሰማ ይመስላቸዋል።

አንዲት ሴት ብቻ ይህን ንግግር አትወድም ነበር። የጡት እናቴ ናት። ስወለድ እናቴ ታማ ወተት ስላልነበራት፣ አጥር የምንጋራት ሙስሊም ጎረቤታችን ከራሷ ልጅ ጋር አንድ ላይ አጠባችኝ። በእሷ ሃይማኖት ያጠቡት ልጅ ልጅ ነው፤ እንደ ልጇም ትቆጣኝ ነበር። ሰዎች ደም፣ ደም ሲሉ፣ "ደሙ የአባቱ ነው፣ አልካድኩም፤ ወተቱ የማን ነው? ወላሂ፣ ወተቱን ማንም አያነሳው" ትል ነበር።

መተዳደሪያዋ ገመድ ነበር። ቃጫ፣ ያ ከእንሰት ተፍቆ የሚወጣው ነጭ ክር፣ ከአገር ቤት በሸክም ይመጣላትና ግቢዋ ውስጥ ተዘርግቶ ይደርቅ ነበር። እርጥብ ሲሆን እንደ እርሾ ይሸታል፤ ሲደርቅ በጠዋት ፀሐይ እንደ ሽማግሌ ፀጉር ያበራል። እሷ ታፋዋ ላይ እያሸች ታከርረዋለች፣ ከዚያ አጠና ለሚያስሩ ነጋዴዎች ትሸጠዋለች።

አባቴ በታሰረበት ዓመት የአንድ አጠና ነጋዴ ልጅ ጥርስ ሰበርኩ። ነጋዴው ሀብታም ነው፣ የተከበረ ነው፤ ሽማግሌ ሰብስቦ እናቴ ደጃፍ መጣ። የአባቱን መጨረሻ አይተናል፣ ይህም ሰው ሳይገድል ከሰፈር ይውጣልን አለ። እናቴ ወንድሟ ዘንድ፣ ሩቅ ገጠር ልትልከኝ እሺ አለች። እያለቀሰች ነው እሺ ያለችው። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ እሰማ ነበር፤ እናቴን ትቼ፣ ኮልፌን ትቼ፣ ስኳር የሚጠቀለልበትን ጋዜጣ ከሱቅ እየለመንኩ የማነበውን ሁሉ ትቼ ልሄድ ነው። ያነበብኩት ሁሉ የጀመረው ከዚያ ቁራጭ ጋዜጣ ነው፤ ከስድስተኛ ክፍል በላይ ያስተማረኝ ሰው የለም፣ ዛሬ ግን ዘረመል ምን እንደሆነ ከኮሌጅ ተማሪ ጋር ቁጭ ብዬ እከራከራለሁ።

የጡት እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ገባችና ዋስ እሆናለሁ አለች። ክረምት እስኪገባ ከእኔ ጋር ይሥራ፤ እስከዚያ አንድ ሰው ከመታ እኔው ራሴ ገጠር አደርሰዋለሁ አለች። ሽማግሌዎቹ በሴት ዋስነት ትንሽ አጉረመረሙ፤ በመጨረሻ ግን እሺ አሉ።

ወፍራም ገመድ መግመድ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ሁለቱ ራቅ ብለው ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ እያንዳንዱ በየጫፉ ያከርራል። አንዱ ካላላ ገመዱ መሃል ላይ ይጠቀለልና ይቋጠራል፤ አንዱ ከመነጨቀ ይበጠሳል። ሁለቱ እኩል መሳብ አለባቸው፣ ለዚያ ደግሞ አንዱ የሌላውን እጅ በገመዱ ውስጥ መስማት አለበት። መጀመሪያ ላይ ያልበጠስኩት አልነበረም። እሷ አትጮህም። የተበጠሰውን ትቀጥልና፣ "ቀስ። እጅህ ቸኩሏል፤ አንተ ግን የትም አትሄድም" ትለኝ ነበር። መዳፌ ቆሰለ፣ ቁስሉም ጠነከረ። ቀስ በቀስ ጫፉን ይዤ እሷ በወዲያ በኩል ስትተነፍስ እሰማት ጀመር።

በአንድ የገበያ ቀን መንገዱ ዳር ረጅም ገመድ ዘርግተን ነበር። የነጋዴው ልጅ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣና ጣቱን እየፋቀ "ጫር" አለ። እኔ ማክረሬን ቀጠልኩ። ጠጋ አለ። እንደገና "ጫር" አለ። ጫኝና አውራጆቹ ሸክማቸውን አወረዱ፤ አጠና የሚልጡት መጥረቢያቸውን አቆሙ። ሁሉም ሊፈነዳ ነው ብሎ ነው የቆመው።

"አባትህ እኮ" አለ ልጁ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ "እስር ቤት ሽንት ቤት ነው የሚያጥበው።"

ከእግሬ ጀምሮ ትኩሱ ነገር ሲወጣ ተሰማኝ። ጆሮዬ ጮኸ። ያ ሽታ መጣ። የገመዱን ጫፍ ብለቅ አንድ እርምጃ ነው የሚቀረኝ፤ ብለቅ ግን ከጠዋት ጀምሮ የከረረው ሁሉ ይፈታል፣ ነገ ደግሞ የገጠር መኪና ላይ ነኝ። በዚያ መሃል ከወዲያ ጫፍ ትንሽ ሳብ ተደረግሁ። ትንሽ ብቻ ነው፤ አለሁ እንደማለት። እኔም መልሼ ሳብኳት። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ማክረሩን አላቆመም።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ "ዛሬስ ክብሪቱ ረጥቧል" አለ።

"አልረጠብኩም" አልኩት፣ ዓይኔን ከገመዱ ሳላነሳ፤ "ሥራ ላይ ነኝ።"

ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። አጠና ተራ ሙሉ ሳቀ፤ በእኔ አይደለም፣ ከእኔ ጋር ነው የሳቀው። የነጋዴው ልጅ ቀይ ሆኖ ቆመ፣ ከዚያ ጓደኞቹ ራሳቸው እየሳቁ ጎትተው ወሰዱት። ገመዱን እስከ መጨረሻው ገመድነው። አንድም ቋጠሮ አልነበረበትም። የጡት እናቴ ጫፉን አስራ ስትጨርስ ነጋዴው ራሱ ከሱቁ ወጣ። ገመዱን አንስቶ በሁለት እጁ ሳበው፣ በጉልበቱ ደግፎ ሳበው፣ አልበጠስ አለው። እኔን ቆሞ አየኝ። "ልጁ ይቆይ" አለ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምር።

እናቴ ያን ቀን የነበረውን ሁሉ ላገኘችው ጎረቤት ሁሉ ስትናገር ዋለች። ሰፈርተኛውም ወዲያው ዞረ፤ "ድሮም የጡት እናቱን ነው የወጣው" ማለት ጀመረ። ሰው እንዲህ ነው። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን አንብቤ፣ ልጆች አሳድጌ የደረስኩበትን ልንገራችሁ፤ ሁለቱም ተሳስተዋል። ትኩሱ ነገር የአባቴ ነበር፣ ዛሬም አለ፣ የልጅ ልጄ ጋም ደርሷል። እንዴት እንደሚያዝ ግን ከደምም ከወተትም አልመጣም። ሰው አጠገቤ ቆሞ በየቀኑ አሠለጠነኝ። ይህን ለመምህርቷ ነገርኳት፤ ጥናቱም እንዲህ ነው የሚለው ብላ ሳቀች። ጥናቱ ዘግይቶ ደረሰ አልኳት።

አባቴ የተፈታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ከስቶ ነበር፣ ድምፁም አንሶ ነበር። ወሬውን ከተሸካሚዎቹ ሰምቶ ኖሮ ወደ ጡት እናቴ ግቢ መጣና አጠና ክምር ላይ ተቀመጠ። እኛ እየገመድን ነበር። እኔ ኩራቴ አላስቆም ብሎኝ ነበር፤ እንዲያየኝ ብዬ ገመዱን አሳምሬ አከርረው ነበር።

"እውነት ዝም አልከው?" አለኝ።

"አዎ።"

"እጅህ አልተንቀጠቀጠም?"

"ተንቀጥቅጧል።"

እጄን ለረጅም ጊዜ አየው። "የእኔም ይንቀጠቀጥ ነበር" አለ። "በወዲያ በኩል የያዘልኝ ሰው ግን አልነበረም።"

የጡት እናቴ ጫፏን አምጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት፤ እሷ ዞር ብላ ቃጫዋን ማገላበጥ ጀመረች። አባቴ ያንን የገመድ ጫፍ በወፍራም ጣቶቹ መካከል እንደ ጫጩት ያዘው። ከዚያ ሳበ። እንደ አጠና ነው የሳበው፤ እኔ እስክንገዳገድ ድረስ።

ኮልፌ ውስጥ ያንን ሰው ያዘዘው አልነበረም፤ አለቃም፣ ፖሊስም፣ እናቴም።

"ቀስ፣ አባዬ" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፣ እጁንም አላላው።