ከቀይዋ መስመር በስተቀኝ

መጀመሪያ የወደቀው በግራ እጄ የምይዘው የቀለም ጣውላ ነው። ነቀምቴ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የተወለድኩበትን የወሎ መንደር እየሣልኩ ነበር። ቀጥሎ ምራቄ በአፌ ጥግ ወረደ። ባለቤቴ ጫልቱ አይታ፣ አፍህ ተጣሟል አለችኝ። እኔ ሁሉን አዋቂው፣ ምች ነው ብዬ ዳማከሴ አስጨመቅኋት። ታሽቼ ተኛሁ። ሆስፒታል በባጃጅ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዳማከሴ ዳማከሴ እየሸተትኩ።

ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ወጣቷ ሐኪም ጎንበስ ብላ፣ "አባባ፣ ምች አይደለም፤ ስትሮክ ነው። አፍዎ እንደተጣመመ ነበር መምጣት የነበረብዎት" አለችኝ።

ግራ እጄ የለም። ግራ እግሬ የለም። መገላበጥ አልችልም። ያለኝ ጣሪያው ብቻ ነው።

እዚያ ተጋድሜ የፈራሁት ለአባቴ ነው። በረሃቡ ዘመን ወደ ወለጋ ለሠፈራ ስንመጣ መንገድ ላይ ቀረ። ፎቶ የለውም። መልኩ ያለው እኔ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው፤ ጭንቅላቴን ደግሞ ተመልከቱት። ዕድሜዬን ሙሉ ነገ እሥለዋለሁ እያልኩ እናቴን ሣልኩ፣ እዚሁ ወለጋ ያለውን የኑኑ ቁምባን ጫካ ሣልኩ፣ የጎረቤት በሬ እንኳ ሁለት ጊዜ ሣልኩ።

ከሆስፒታል ወጥቼ ቤት እንደገባሁ ምግብ አነሰኝ ብዬ አማረርኩ። ጫልቱ ሳህኑን አዞረችው፤ ግማሹ እንዳለ ነበር። ጢሜን ስላጭ የቀኙን ብቻ ላጭቼ አምሮብኛል ብዬ ወጣሁ። እጅና እግሬን የሚያለማምደኝ ፊዚዮቴራፒስት ነገሩ "ኔግሌክት" እንደሚባል ነገረኝ፤ ዓይኔ ደህና ነው፣ አንጎሌ ነው ግራ የሚባለውን የረሳው።

መቀመጥ እንደቻልኩ አባቴንና እናቴን በቤታችን ደጅ ሣልኳቸው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ጫልቱን ጠራኋት። መጥታ ሸራው ላይ ጎንበስ አለች።

"ጃርሳ ኮ፣ አባትህ የታለ?" የእኔ ሽማግሌ ማለቷ ነው።

"ከእናቴ ጎን፣ ሾላው ሥር።"

"እዚያ ምንም የለም።"

"አንቺ አባቴን የት ታውቂውና?" አልኳት፤ ተቆጣሁ።

የቀኝ ጣቴን ይዛ ሸራው ላይ ወደ ግራ ጎተተችው። የእናቴ ትከሻ እርጥብ ነው። ከዚያ ደረቅ። ደረቅ። ደረቅ። አለቀስኩ። እስረኛ ግድግዳውን ያያል፤ እኔ ግድግዳው ራሱ አይታየኝም ነበር።

በፊዚዮቴራፒስቱ ምክር ጫልቱ ከሸራው ግራ ጠርዝ ላይ በውዱ ቀይ ቀለሜ ወፍራም መስመር አሰመረች፤ ብሩሽ ከመንካቴ በፊት አንገቴን አዙሬ ያቺን ቀይ ማግኘት ግዴታዬ ሆነ፣ መጀመሪያ ላይም እያሾፈችብኝ አጥፍታታለች ብዬ እምል ነበር። ወራት አለፉ፤ ከካልሲ የጠቀለለችልኝን ኳስ በግራ እጄ እየጨመቅኩ፣ አጥር ይዤ እስከ አስፋልቱ እየሄድኩ፣ በግራዬ በኩል "አካም ቡልቴ" ብሎ እንዴት አደርክ ያለኝን ጎረቤት ሁሉ ሳላየው እያለፍኩ፣ ሰፈሩ "ሽማግሌው ከታመመ ወዲህ ኮራ" ብሎ እስኪያማኝ ድረስ ቆየሁ። አንድ ጠዋት ቀይዋን ሳልደክም አገኘኋት። ከእሷ ጀምሬ ወደ ቀኝ መጣሁ፤ የአባቴ በትር፣ ጋቢው፣ ከዚያ ፊቱ።

ለሐኪሟ፣ ለፊዚዮቴራፒስቱና ሳህኔን ላዞረችልኝ ጫልቱ ምስጋናዬ ይድረስ። እናንተም አፍ ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር ቅጠል አትፈልጉ፤ ባጃጅ ጥሩ። የደም ግፊት መድኃኒታችሁንም እንደ እኔ ተሻለኝ ብላችሁ አታቋርጡ። አስታማሚ ከሆናችሁ ደግሞ በሽተኛው ያላየውን ነገር በጣቱ አስነኩት፤ ይቆጣል፣ ቻሉት።

አባቴ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጫልቱ አንድ ጆሮ ይጎድለዋል ትላለች። አንገቴን እያዞርኩ እየፈለግሁለት ነው።