የእመት ኡሙሰልማ ተከራይ

እመት ኡሙሰልማ ቧንቧ ውሃ ካለው ግቢያቸው አንዱን ክፍል ያከራዩአት ፈረንጅ፣ ለድርቁ በበጎ ፈቃድ የመጣች ነርስ ናት። ሻሽ አስራ ለቅሶ ትደርሳለች፤ ከሴቶቹ ጋር ስታወጋ አንደበቷ የወሎ ልጅ ነው። ሰዓት እላፊ ሳይደርስም የእመትን በር አንኳኩታ፣ «እማማ፣ ገብቻለሁ። ወላሂ፣ ብቻዬን አልመጣሁም!» ሳትል ክፍሏ አትገባም፤ ማታ ብቻዋን መንገድ እንዳትሄድ ትእዛዙ የሳቸው ነው።

ዛሬ ለቀበሌው አዲስ የተመደበው ካድሬ ደጃፍ ላይ አቆማት።

«ከጦር ግንባር የጠፋ ሰው እንፈልጋለን። እዚህ ግቢ እንግዳ ገብቷል?»

እመት ኡሙሰልማ ከበሩ ጀርባ ትንፋሻቸውን ውጠው አዳመጡ።

ፈረንጇ ፈገግ አለች። «አማርኛ... ትንሽ ትንሽ።»

ካድሬው እጁን አወናጭፎ ሄደ።

አመሻሽ ላይ እንደ ልማዷ አንኳኳች። «እማማ፣ ገብቻለሁ» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ «እንግዳውስ እራት በላ?»