የሚካኤል ዕለት የተሸከምነው ድንጋይ

ልጅ እያለሁ የአየር ንብረት ለውጥ የሚባል ትምህርት አልነበረም። መካነ ሰላም ከተማ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ጂኦግራፊ ያስተማሩን ጋሼ ደረጀ የሚባሉ ከቆላ አገር የመጡ ቀጭን ሰው ነበሩ። ብርዳችንን አልቻሉትም፤ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ያስተምሩ ነበር። ሰሌዳው ላይ በደን የተሸፈነ ተራራ ይስሉና ዛፎቹን በዳስተር ያጠፏቸዋል። ቀጥለው ከሥሩ ያለውን ምንጭ ያጠፉታል። «አያችሁ?» ይሉናል። አብዛኛው ልጅ የሚያየው የጠመኔው ብናኝ ካፖርታቸው ላይ ሲያርፍ ነበር።

እኔ ግን ያንን ተራራ አውቀው ነበር። መንደራችን ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ከቤታችን በላይ ያለው ተረተር ድሮ የወይራና የአስታ ዛፍ ነበረው ትል ነበር እናቴ። እኔ የደረስኩበት ከብት የላጨው ሣርና ሲረግጡት የሚሸት ጦስኝ ብቻ ነው። መሐሉን ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር ሰንጥቆታል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል። ምንጫችን ከቦረቦሩ ግርጌ ነበር። ትንሽ ሳለሁ እንስራ ቶሎ ይሞላ ነበር። ኋላ ግን ወረፋ ይዘን ቅልብልቦሽ እየተጫወትን እስኪጠራቀም እንጠብቃለን፤ ከዚያ ከሥሩ በቅል እንጨልፋለን። አንዳንድ ቀን ጨዋታው ሰልችቶን እንኳ ውሃው አይሞላም ነበር።

ጋሼ ደረጀ ይህን ሲሰሙ እኔኑ መንገድ መሪ አድርገው ወደ ቅሬው መጡ። በእኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፤ የመንደሩ ጉዳይ ሁሉ የሚያልቀውም እዚያው ነው። ዳኛው አባቴ ነበር። ጋሼ ደረጀ ተረተሩ ለጥቂት ዓመት ከከብት ይከልከል፣ ሣሩ ሲያገግም ውሃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ አለዚያ ምንጩ ይደርቃል ብለው ለመኑ። አያ ሙሄ የሚባሉ ቀልደኛ ሽማግሌ የመምህሩን ካፖርት ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «ላሞቹን እዚህ ውስጥ ይደብቁልናል ማለት ነው?» አሏቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም፤ «አይሆንም» ብቻ አለ።

ለምን እንዳለ አውቃለሁ። አንድ ላም ነበረችን፤ ውሎዋ እዚያ ተረተር ላይ ነው። የቤቱ ጨውም የእኔ ደብተርም የሚወጣው ከእሷ ቅቤ ነበር። ማታ ከመምህሬና ከአባቴ የቱ ልክ እንደሆነ ሳስብ ሁለቱም ልክ ይሆኑብኛል።

ጋሼ ደረጀ ግን ተስፋ አልቆረጡም። «ተረተሩን ከከለከሉን ቦረቦሩን በድንጋይ እንከትራለን» አሉን። ቀኑንም ቆረጡ። የቆረጡት ቀን ሚካኤል ዋለና እኛ የገጠር ልጆች አጉረመረምን፤ በበዓል ድንጋይ ማን ይሸከማል? እሳቸው፣ «ውሃ ማዳን ሥራ አይባልም፤ መልአኩም አይቀየምም» አሉ። ከሰዓት በኋላ ከመንደሩ በላይ ካለው ገደል አፍ ድንጋይ እያነሣን ተሰለፍን። መንገዱን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ፊት ሆንኩ። የከተማ ነጋዴ ልጅ የነበረው ሰለሞን ከኋላዬ ነበር፤ የሌሎቹን ትንፋሽ እሰማለሁ። ጋሼ ደረጀ መጨረሻ ላይ ናቸው።

ቁልቁል ስንወርድ ቅሬው በመንደሩ ዋርካ ሥር ተቀምጧል። ያንን አላሰብነውም ነበር። በአገራችን በሥራ ቀን ድንጋይ የተሸከመ ሰው ካብ ሊክብ ነው። በበዓል ቀን ድንጋይ በትከሻው አድርጎ ሽማግሌ ፊት የሚመጣ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በድሎ ይቅርታ የሚለምን። አውርድ እስኪሉት ጎንበስ ብሎ ይቆማል።

ጨዋታቸው ቀጥ አለ። ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ አንድ በአንድ ተነሡ። አንዲት ሴት፣ «ኧረ ያረቢ! ማንን ገደሉ?» አለች። አባቴ ሰልፉን አየና ዓይኑ እኔ ላይ ቀረ። እንዲያ ሲገረጣ አይቼው አላውቅም።

«ምን አጠፋሽ?» አለኝ።

ሰለሞን ነገሩ አልገባውም፤ ደክሞት ስለነበር ድንጋዩን ሊያወርድ ጎንበስ አለ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፣ «አታውርድ!» አልኩት በሹክሹክታ። እሱም ለኋለኛው አለ፤ ቃሉ እስከ መጨረሻው ሄደ። ጋሼ ደረጀ ከኋላ፣ «ምን ሆናችሁ? ቀጥሉ እንጂ!» ይላሉ። የቀጠለ የለም።

«አባዬ፣ ገና አላጠፋንም» አልኩ። «ምንጩ ሳይደርቅ ልንለምን ነው።»

ቦረቦር ልንከትር እንጂ ልንለምን እንዳልመጣን እኔ አውቃለሁ። ግን ከአፌ ወጣ። አያ ሙሄ መጀመሪያ የገባቸው ይመስለኛል። ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተክለው ተንከተከቱ።

«ወላሂ ተያዝክ፣ ዳኛው! በገዛ ልጅህ ተያዝክ! ድንጋይ የተሸከመ እምቢ ተብሎ ተመልሶ ያውቃል?»

«አያ ሙሄ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም» አለ አባቴ።

«እኔስ መቼ ቀለድኩ? የእኔም ጊደር እዚያው ነው የምትውለው።»

ትከሻዬ ይቃጠል ጀመር፤ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ አባቴ ግን ወደ ተረተሩ እያየ ነው። ላማችን እዚያ ጅራቷን እየወዘወዘች ትግጣለች። ከዚያ ዞሮ ሽማግሌዎቹን በዓይኑ ጠየቀ። አንዱም እምቢ አላለም።

«አውርዱት» አለ።

ድንጋዮቹ ዱብ ዱብ ሲሉ ጋሼ ደረጀ እየሮጡ ደረሱና፣ «ኧረ እዚህ አይደለም የሚራገፈው!» አሉ። ሳቁ የዚያን ጊዜ መጣ። ድንጋዩን ኋላ ከቅሬው ጎረምሶች ጋር ሆነን ወደ ቦረቦሩ ወሰድነው፤ በማግሥቱ፣ በሥራ ቀን።

ማታ አባቴ እሳቱን እየቆሰቆሰ፣ «ሽማግሌ መያዝ የት ተማርሽ?» አለኝ። «ጂኦግራፊ ላይ» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ መሳቁን ያየሁት በትከሻው ነው። ከዚያ ወዲያ ተረተሩ ከከብት ተከለከለ፤ ላማችንም ቤት ታስራ ዋለች። አባቴ ጎህ ሲቀድ ከሩቅ ሣር አጭዶ፣ ተሸክሞ ያመጣላት ነበር። ወተቷ ቀነሰ። አንድም ቀን አላማረረብኝም።

ዛሬ ተረተሩ ወይራም ጥድም አለው፤ ምንጩም አልደረቀም። በልጉ ግን እንደ ድሮው አይደለም፤ ወይ ይቀራል፣ ወይ በረዶ ይዞ ይመጣል። በቀደም የልጅ ልጄን የሚያስተምሩት መምህርት ትምህርት ቤት ጠርተውኝ ይህንኑ ለተማሪዎቻቸው አጫወትኳቸው። የዛሬ ልጆች እኛ የማናውቀውን ያውቃሉ። ሰማዩን ያሞቀው በአብዛኛው የሩቅ አገር የፋብሪካና የመኪና ጭስ መሆኑን እነሱ አስረዱኝ። በእኛ ጊዜ የሚለመነው ሰው ዋርካ ሥር ተቀምጦ ይገኝ ነበር።

አንዲት ልጅ ከኋላ እጇን አወጣች። «እማማ፣ ድንጋይ የሚሸከመው የበደለ አይደል? እኛ ምን በድለን ነው ቅዳሜ ቅዳሜ እርከን የምንሠራው?»

መምህርቷ ሊያቋርጧት ነበር፤ ይተዋት አልኩ። ልጅቷ እውነቷን ነው። ያለኝን ነገርኳት።

«አባቴም የበደለው ነገር አልነበረም፣ ልጄ» አልኳት። «ሣሩን ግን እስኪያረጅ አጨደ።»