ተቃውሞ የሚጠፋበት ብርድ

ከሆሳዕና የወጣሁ ዕለት የጭነት መኪናው የተነሳው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። እናቴ በእንሰት ቅጠል የጠቀለለችውን ቆጮ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። አባዬ ሁልጊዜ በምናወራበት በሀዲይኛ «ቶሎ ተመለስ» አለኝና ፊቱን አዞረ። ትንሽ ቢጨምርበት ሁለታችንም እናለቅስ ነበር።

ለትምህርት ጀርመን ስደርስ፣ ወገኖቼ፣ መጀመሪያ ሆዴን ያባባው ጥቁሩ ዳቦ ነው፤ ኮምጠጥ ሲል ቆጮ ቆጮ አለኝ። ብርዱንማ ተዉት። እኛ አገር፣ ሌሞ ላይ፣ ውርጭ ሲጥል ብርድ የምንለው ለካ ቀልድ ኖሯል። ይባስ ብሎ ሥራዬም ብርድ ሆነ። ላቦራቶሪያችን ውስጥ እንደ እንሰት ግንድ ንብርብር የሆነ፣ በስሱ የሚላጥ ክሪስታል አለ። በፈሳሽ ሂሊየም ክፉኛ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ያላንዳች እንቅፋት ያልፍበታል። ኤሌክትሪኩን የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች በባሕርያቸው ይገፋፋሉ፤ እዚያ ውስጥ ግን የንብርብሩ አተሞች ንዝረት ያስተሳስራቸውና ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጓዛሉ። እኔ የምለካው ይህንን ነው።

ፓስፖርቴ ሊያበቃ ሲል ኤምባሲያችን ሄጄ አንድ ባለሥልጣን ዘንድ ቀረብኩ። ካልታደሰ የመኖሪያ ፈቃድ የለም፣ ትምህርትም የለም። ሻይ አስመጡልኝና ምን እንደማጠና ጠየቁኝ። ኤሌክትሪክን ለሚያግደው ባሕርይ፣ ለሬዚስታንስ፣ አማርኛ ብፈልግ አጣሁ።

«ተቃውሞ ነው የማጠናው» አልኩ።

ብዕራቸውን አስቀመጡ። ጊዜው የአዲስ አበባ ተማሪዎች መንግሥትን ተቃውመው ሰልፍ የሚወጡበት ነበር።

«የማን ተቃውሞ?»

«የብረት ነው፣ ጌታዬ። ሲቀዘቅዝ ይጠፋል።»

«ከጠፋ በኋላስ?»

«ጥንድ ጥንድ ሆነው ይንቀሳቀሳሉ። የሚያግዳቸው የለም።»

«እነማን?»

ኤሌክትሮኖች ብል ማን ይስማኝ። ሳብራራ ባሰብኝ፤ ንዝረት ስል፣ እንቅስቃሴ ስል፣ ግንባራቸው ይበልጥ ተቋጠረ። በመጨረሻ ፓስፖርቴን መሳቢያ ውስጥ ከተቱና ሆሳዕና ስለ ቤተሰቤ ተጠይቆ መልሱ እንደሚነገረኝ ገለጹልኝ። ሻዩ እንደተቀዳ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ላቦራቶሪ ገብቼም ልኬቱን እያበላሸሁ እንደገና እጀምር ነበር። በኔ አንዲት ቃል አባቴን ምን አድርገውት ይሆን እያልኩ እህል አልዋጥልህ አለኝ። ሲብስብኝ የስልክ ቀጠሮ አስያዝኩና አባዬ ሆሳዕና ስልክ ቤት ተጠራልኝ።

«እንደምን አለህ፣ ልጄ» አለኝ፣ በአማርኛ።

አባዬ በአማርኛ አናግሮኝ አያውቅም። አጠገቡ ሀዲይኛ የማይሰማ ሰው ቆሟል ማለት ነው።

«እዚያ ምንድን ነው ምትማረው?»

«ስለ ብርድ ነው፣ አባዬ።»

«ስለ ብርድ ነው ይላል» ብሎ ለሆነ ሰው ሲያቀብል ሰማሁት። ከዚያ ወደኔ ተመለሰ። «ጥሩ ትምርት ነው። ወፍራም ልበስ። እናትህም ደህና ናት፣ ሁላችንም ደህና ነን። ጨርሰህ ና።»

መስመሩ መንጫጫት ጀመረ። ሊቋረጥ ነው ብዬ ስጣራ አባዬ የሚያስል መስሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንዲት የሀዲይኛ ቃል ጣል አደረገልኝ።

አትምጣ ነው ያለኝ።