ቀለሟን የለወጠችው ዓሣችን

አሜሪካ፣ ብሩክሊን ፓርክ ከተማ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። የቀለም ስሞችን እንዲለምዱ በየሳምንቱ በክፍላችን የመስታወት ገንዳ ውስጥ ያሉትን ሁለት የባሕር ዓሦች እንዲስሉ አደርጋለሁ፤ ወንዱ ወይን ጠጅ፣ ሴቷ ብርቱካናማ ነበሩ። ወንዱ ሞተና ከሳምንታት በኋላ ሴቷ ወይን ጠጅ ሆነች። በደስታ ልጆቹን ወደ ገንዳው ጠራኋቸው።

"በእነዚህ ዓሦች ዘንድ ወንዱ ሲጠፋ ሴቷ ራሷ ወንድ ትሆናለች" ብዬ አስረዳሁ።

"ቲቸር፣ ሞታብሽ ሌላ ገዝተሽ ነው። ባለፈውም እንደዚያ አድርገሻል" አለች አንዷ ተማሪ።

እውነቷን ነው፤ ከእነዚህ በፊት የነበረው ዓሣ ሲሞት በድብቅ በሌላ ተክቼው ነበር። አሁን ማን ያምነኛል?

በቅደም ተከተል ያስቀመጥኳቸውን ስዕሎች አወጣሁ። ልጅቷ ራሷ በመጀመሪያው ቀን የሳለቻት ብርቱካናማ ዓሣ የታችኛው ከንፈሯ ወጣ ብሏል። ወረቀቱን ይዛ መስታወቱ ላይ ተለጠፈች።

"ያው ራሱ ከንፈር ነው" አለች ቀስ ብላ። "ወይን ጠጁን እርሳስ ስጪኝ።"