ታፈረ ፊልትሮውን ያጠበ ጊዜ

ባሌ ታፈረ በዘጠኝ ዓመት ትዳራችን የመታኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ይኸው፣ የፊት ጥርሴ የወለቀው ያኔ ነው። ጎረቤቴ አሰለች ዛሬም ለቅሶ ቤት በተቀመጠች ቁጥር «ያ አረመኔ ሊሞት ሲል እንኳ ሚስቱን ደብድቦ ሄደ» ትላለች። አፏን ይዝጋው! ምን ታውቅና! እስካሁን ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። አሁን ደርጉም ሄደ፣ እኔም አረጀሁ፣ ከእንግዲህ ማንን እፈራለሁ?

ታፈረ የላሊበላ ልጅ ነው፤ ሹፌርነቱንም መካኒክነቱንም ደሴ ተምሮ የመጣ። ቱግ ባይ ነበር፣ አልዋሽም። አንዴ የሆቴል ዘበኛ «አንተ ዘይታም» ቢለው ሁለት ጥርሱን አራግፎለት፣ በሽማግሌ ነው የታረቁት። የኔም አፍ አያርፍም። ስንጣላ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። እኔ ላይ ግን እጁን አንሥቶ አያውቅም፤ ሲብስበት ወጥቶ ሞተር ይፈታ ነበር።

ደርግ ታፈረ የሚነዳውን የሆቴል ላንድሮቨር ሲወርስ እሱንም አብሮ ወረሰው፣ እንደ መኪናው ዕቃ። አረጋ የሚባለውን ካድሬ ይዞ መዞር ሆነ ሥራው። ላሊበላ ያኔ ጋራዥ የለ፣ ሁሉን የሚሠራው እኛው ግቢ ውስጥ ነው። የላስታ አቧራ መቼም ታውቁታላችሁ። በየሳምንቱ የአየር ማጣሪያውን፣ እሱ ፊልትሮ የሚለውን፣ ፈትቶ በቤንዚን ያጥባል። በኔ የልብስ ሳፋ! በሱ ስንቴ ተጨቃጨቅን! ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደውን ወፍራም የጎማ ቱቦም ያጥብና ድንጋይ ላይ ያሰጣዋል። «ባንቺ፣ መኪና የሚታመመው በአፍንጫው ነው» ይለኝ ነበር፣ ስሜን አቆላምጦ።

የሰባ ሰባት ድርቅ ጊዜ ነው። ወንበዴ የሚሏቸው ተራራውን ይዘዋል፤ መንገድ ላይ የተገኘ የመንግሥት መኪና ይመታል። አንድ ማክሰኞ አረጋ ወታደሮች ይዞ ወልድያ እንደሚሄድ ነገረው። ልጃችን ይማርሽ ገና ጡት አልጣለችም። ቤተ ማርያም ሄጄ እምነት አመጣሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን የምንወስደውን የተባረከ አፈር ማለቴ ነው። ከነጠላዬ ጥለት ጫፉን ቀድጄ ቋጠርኩና «አንገትህ ላይ እሰረው» አልኩት።

«አረጋ ቢያይብኝስ? ስብሰባ ላይ አቁሞ መሳቂያ ሊያደርገኝ ነው?» ብሎ እንቢ አለ።

ደሜ ፈላ። አንተ እንቢ ካልክ መኪናህ እንቢ አይልም አልኩ በልቤ። ለመንገዱ ፊልትሮውን አጥቦ እጁን ሊታጠብ ዞር ሲል ድንጋዩ ላይ የተሰጣው ቱቦ ውስጥ ቋጠሮዬን ከተትኩት። ትንፋሹ በሚገባበት በረከቱም ይግባ ብዬ እኮ ነው! እኛ የታመመ ሰው እምነት በጥብጠን አይደል የምናጠጣው? ለመኪናም ያው መሰለኝ። ታፈረ ሳያይ ገጠመው፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ሄዱ።

ሜዳውን ደህና ሄደ አሉ። ከኩልመስክ በላይ አቀበቱ ላይ ነዳጅ ሲሰጠው ግን ቋጠሮው ተስቦ መተንፈሻውን ደፈነው። ሞተሩ ታፍኖ ቆመ። ወዲያው ከላይ ተኩስ ወረደባቸው። ሦስት ወታደር ሞተ፤ አንደኛው አንጀቱን በእጁ ይዞ እናቱን እየተጣራ። የቀሩትን ያተረፋቸው ታፈረ ነው፣ በጥይት መሀል መኪናውን ቁልቁል ወደ ኋላ ለቆት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መኪናውን አስጎትተው ግቢያችን አስገቡት። የአረጋ ክንድ ተጠቅልሏል፣ ሸሚዙ ላይ ደም ደርቋል። ታፈረን በሰደፍ እየገፉ አመጡት።

«እዚህ ነው ያጠብከው፣ እዚሁ ትፈታዋለህ። ምን እንዳቆመው በዓይኔ አያለሁ» አለው አረጋ።

ታፈረ ፈታው። ቱቦውን ሲነቅለው ቋጠሮዬ ሳፋው ውስጥ ዱብ አለ። እኔ ይማርሽን ታቅፌ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ነጠላዬን ለብሻለሁ፤ የተቀደደው ጫፉ ይታያል። ታፈረ ጥለቱን አየና ቀና ብሎ ነጠላዬን አየ። ገባው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አረጋ።

«አፈር ነው። እኔ ነኝ የከተትኩት።»

«ለምን?»

«እንዲቆም።»

አረጋ በሽጉጡ እጀታ ግንባሩን አለው። ወታደሮቹ ተረባረቡበት። በጫማ ረገጡት፣ በሰደፍ ወቀጡት፤ ጎድኑ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁ። «አሻጥረኛ! ማን ነው የላከህ?» ይሉታል። ያ በአንድ ቃል ቱግ የሚል ሰው እጁን እንኳ አላነሣም። ልጄን መሬት አስቀምጬ «ኧረ በማርያም!» እያልኩ መሀላቸው ገባሁ። እኔ ነኝ ልል አፌን ስከፍት ታፈረ ከወደቀበት ተነሥቶ በጡጫ አፌን አለኝ። በጀርባዬ ወደቅሁ።

«ዝም በይ፣ አንቺ ለፍላፊ! ዘጠኝ ዓመት አቃጠልሽኝ! ሂጂና ልጅሽን አጥቢ!» ብሎ ጮኸብኝ።

ወታደሮቹ ሳቁ። አሰለች ይህን ነው በአጥር ያየችው። እኔ ግን ልጅሽን አጥቢ ሲል ምን እንዳለኝ ገባኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ፤ የተቀደደው ጫፍ በደሜ ተነክሮ ጥለቱ ጠፋ። ይማርሽን አንሥቼ ጡቴን ሰጠኋት። እሷ እየጠባች አጥሩ ጥግ አቁመው በሁለት ጥይት ገደሉት። ማልቀስ ክልክል ነው አሉኝ፣ አላለቀስኩም። ሰፈሩ ግን ስለጠላሁት መሰለው።

ትላንት ይማርሽ «እማዬ፣ ወልድያ ወስጄ ጥርስ ላስተክልልሽ» አለችኝ። እንቢ ብላት ነዘነዘችኝ። በመጨረሻ ቁጭ አድርጌ ነገርኳት። አባትሽን ያስገደልኩት እኔ ነኝ፣ እኔን ያተረፈኝ እሱ ነው፣ ይቺ ጥርስ የወለቀችበት ቦታ አትነካም አልኳት።